የእትዬ ብርቄ ገብስማ ዶሮ

ባለፈው ሳምንት የልጄ ሚስት ሐያት ከጓሮ እየጮኸች መጣች። እሳት የተነሳ መስሎኝ ብድግ አልሁ። ለካ ዶሮዎቿ እንቁላላቸውን እየበሉ ኖሯል። የተሰበረ ቅርፊት ይዛ፣ አስኳሉ በጣቶቿ መሃል እየተንጠባጠበ፣ «እማዬ፣ ይሄ ምን የሚሉት ጉድ ነው? የገዛ እንቁላላቸውን!» ትላለች። ቤት ሠርታ፣ ጥሬ ገዝታ፣ ለእያንዳንዳቸው ስም እንኳ አውጥታላቸው ነበርና ክህደቱ አንገበገባት። መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ቀጥሎ ግን ልቤ ድንግጥ አለ። እንዲህ ያለ ጩኸት የሰማሁት ልጃገረድ ሳለሁ ነው፤ ያኔ ደግሞ የሚያስቅ ነገር አልነበረውም።

ያኔም ቤታችን እዚሁ ነው፣ ከቁስቋም ወደ ቀሃ ወንዝ በሚወርደው መንገድ ዳር። አባቴ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ይሸጥ ነበር። ከአጥራችን ማዶ እትዬ ብርቄ ይኖራሉ፤ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ጥጥ እየፈተሉ የሚያድሩ ክርስቲያን ጎረቤታችን። አጥሩ ለስሙ ነው እንጂ በቀዳዳው እሳት እንዋዋሳለን፣ ጨው እንዋዋሳለን፣ ወሬማ አይነሳ። የእነሱ ሥጋ ለእኛ፣ የእኛም ለእነሱ አይሆንም፤ ከዚያ በቀር የማንካፈለው ነገር አልነበረም።

እትዬ ብርቄ አንድ ልጅ ነበራቸው፣ አዲሱ የሚባል። ከግንበኞች ጋር የሚውል፣ ቁመቱ የዘለቀ፣ ቀልደኛ ልጅ። በየዓመቱ ለዒድ የእኛን ቤት ኖራ ይቀባል፣ ለእንቁጣጣሽ ደግሞ የእናቱን። ኖራው ጸጉሩ ላይ ተረጭቶ ስናየው «አዲሱ፣ ሸበትህ እኮ» እንለዋለን። «ምነው፣ ሚስት እንኳ ሳላገባ!» ብሎ ያስቀናል። እኔማ ከሌላው ይልቅ ትንሽ አብዝቼ ሳልስቅ አልቀርም፤ እንግዲህ ልጅነት ነው።

ያን ዓመት ዒዱ ቀድሞ ዋለና የእኛን ግድግዳ አስቀድሞ ቀባ። በጳጉሜ፣ የገበያ ዕለት፣ ለእናቱ ቤት የሚሆን ኖራ ሊገዛ ወጣ። ጊዜው ወጣት ከገበያ እየታፈሰ ወደ ጦር ግንባር የሚጫንበት ጊዜ ነበር። አብሮት የነበረ ጎረምሳ በአጥር ዘሎ አምልጦ መጣ፤ አዲሱን ግን መኪና ላይ ሲያወጡት በዓይኔ አይቻለሁ አለን። እንቁጣጣሽ የእትዬ ብርቄን ቤት ሳይቀባ አገኘው። የክረምቱ ዝናብ ያረጀውን ኖራ አጥቦት ጭቃው አግጥጧል። አባቴ ሰው ልኬ ላስቀባልሽ ቢላቸው እምቢ አሉ። «አያ ኑሩ፣ አይድከሙ። አዲሱ ሲመጣ ይቀባዋል።»

ልጁ ከመታፈሱ ትንሽ ቀደም ብሎ ከጠዳ ገበያ አንዲት ገብስማ ቄብ አምጥቶላቸው ነበር። «እንዳታርጃት፣ ጫጩት ታበዛልሻለች» ብሏቸው ነበር። እሱ ከሄደ በኋላ ያቺ ዶሮ ዶሮ መሆኗ ቀረና አደራ ሆነች። ጭልፊት እንዳይነጥቃት፣ ሰው እንዳይወስድባቸው ብለው እግሯን በገመድ አስረው ደጃፋቸው ላይ ካለው ምሰሶ ሥር አኖሯት። ከጉርሳቸው ቀንሰው ያበሏታል፣ ውኃዋን ይለውጡላታል። ከጥምቀት በኋላ እንቁላል መጣል ስትጀምር እልል ያሉት እልልታ እስከ መንገድ ተሰማ።

እልልታው አልቆየም። አንድ ማለዳ በአጥሩ ቀዳዳ «ዘይቱ! ነይ ልጄ፣ ነይ እዪልኝ፣ ልጇን በላች!» ሲሉ ሰማሁ። ሮጬ ሄድሁ። ገብስማዋ ማንቁሯ በአስኳል ቢጫ ሆኖ፣ ምንም እንዳላደረገ ሰው ቀና ብላ ታየናለች። እትዬ ብርቄ መሬት ላይ ተቀምጠዋል።

«እትዬ፣ ዶሮ አይደለች? ምን ታውቃለች ብለው ነው?» አልሁ።

«አይደለም፣ ዘይቱ። ልጇን የምትበላ ዶሮ ለሸጋ አይደለችም። ምልክት ነው።» ከዚያ ዶሮዋን አተኩረው አዩና፣ «ይህች ዶሮ በእኔ ቤት አንዲት ጫጩት ከፈለፈለች ልጄ ይመለሳል። ከበላችም… እንግዲህ በላች» አሉ።

እንዲህ ብሎ የነገራቸው ማንም የለም። የልጃቸውን መመለስ ከዶሮዋ ጋር ያሰሩት ራሳቸው ናቸው። የነፍስ አባታቸው ሰምተው ይህ ምልኪ ነው፣ ኃጢአት ነው ብለው ገሠጿቸው፤ እሳቸውም አንገታቸውን ደፍተው አዳመጡ፣ ሲወጡም ያንኑ አሰቡ። ከዚያ ወዲህ ያን ቤት የሚያኖረው የዶሮዋ ነገር ብቻ ሆነ።

እኔም ገባሁበት። ወላሂ፣ ለትምህርቴ ያን ያህል ደክሜ አላውቅም። እንቁላል በስቼ ውስጡን አፈሰስሁና በርበሬና ሚጥሚጣ ጠቅጥቄ ቀዳዳውን በሊጥ ደፈንሁት። አሁን ቃጠሎውን ታያለች ብለን እኔና እትዬ ብርቄ በር ላይ ቆመን ጠበቅን። ገብስማዋ መጣች፣ ሰበረች፣ በርበሬውን እንደ ጤፍ ለቃቅማ ጨረሰች፣ ማንቁሯን በአፈር ጠርጋ «ሌላ የለም?» በሚል ዓይን አየችን። ሞኝነታችንን ተመልከቱ! በርበሬ ስናሰጣ ከሰሌኑ ላይ ዶሮ ስናባርር አይደል የምንውለው? ዶሮን በርበሬ እንደማያቃጥላት ሕፃን ያውቃል። ሰው ሲጨንቀው ግን የሚያውቀውም ይጠፋዋል።

የማንቁሯን ጫፍ በጋለ ቢላ መተኮስ ነው የሚያዋጣው ያሉም ነበሩ። እትዬ ብርቄ ጨርሶ አልሰማም አሉ፤ «አዲሱ ያመጣትን?» ሌላ ዶሮ ትታቀፍልን ብላቸውም አልሆነም። «እሷ ራሷ ካልሆነች ምን ይረባኛል?» አሉኝ።

ከቀሃ ወንዝ ክብ ነጭ ድንጋይ ፈልጌ ጎጆዋ ውስጥ አስቀመጥሁላት። ነቆረች፣ ነቆረች፣ ማንቁሯን ሲያማት ተወችው። ለጥቂት ቀን እንቁላሏንም ሳትነካ ቀረች። ያን ሰሞን እትዬ ብርቄን ብታዩ! ፊታቸው ፈካ፣ ቤታቸውን ጠረጉ፣ የአዲሱን ብርድ ልብስ አጥበው አጥሩ ላይ አሰጡ። እኔም አጥሩ ላይ ያየሁት እንደሆነ ዛሬ ይመጣል ይመጣል ይለኝ ነበር። ዶሮዋም መታቀፍ ፈለገች፤ ሳትነካቸው የቀሩትን እንቁላሎች በሙሉ ሥሯ አደረግንላት። ሁለታችንም ድምፃችንን ዝቅ አድርገን እንነጋገር ጀመር፣ እንደ አራስ ቤት።

አንዱ እንቁላል ተሰነጠቀ። ቅርፊቱ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ነበር። እሱን ቀመሰች፣ ቀጥሎ ያለውን ሰበረች፣ ሳምንት ሳይሞላ ጎጆው ውስጥ የእኔ ድንጋይ ብቻ ቀረ። እትዬ ብርቄ አልጮሁም። ብርድ ልብሱን ከአጥሩ አውርደው አጥፈው ይዘው ገቡ።

ሁዳዴ ተጋምሶ ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ ዶሮዋን ብብታቸው ሥር ይዘው በእኛ በር ገቡ። አባቴ ከሶላት ተነስቶ ገና ምንጣፉን እያጠፈ ነበር።

«አያ ኑሩ፣ እኔ ጾም ላይ ነኝ፣ ቢፈታም ጉሮሮዬ አይቀበላትም። እናንተ እረዷት። ለልጆቹ ይሁን።»

አባቴ ዶሮዋን አየ፣ እሳቸውን አየ። አባቴ ቁጡ ሰው ነው፣ ዕንባ አይወድም፤ ያን ዕለት ግን ድምፁ ተሰበረ። «ብርቄ፣ እህቴ፣ ይህችን ዶሮ እኔ ካረድኋት ልጅሽን ማን ይጠብቀዋል? አላርድም። እኔ ቤት ትቀመጥ።»

«እንደ ወደዱ» ብለው ወጡ። ሲወጡ ዞር ብለው አላዩዋትም። ያኔ ገባኝ፤ እኛ ቤት የጣሉት ዶሮ አልነበረም።

አባቴ ገመዱን ፈታላት። ገብስማዋ ትንሽ አነከሰች፣ ክንፏን አራገፈች፣ ከዚያ ጥሬ ስንበትንላት ትታ ቀጥ ብላ ወደ ግድግዳችን ሄደችና ኖራውን ትነቁር ጀመር። ቀቅ፣ ቀቅ፣ ቀቅ! አባቴ «አሁን ደግሞ ቤቴን ልትበላ ነው?» ብሎ ጮኸ፣ እኛም ሳቅን። በየቀኑ ይኸው ሆነ ሥራዋ። እንቁላል ጣለች፣ አልነካችም። ደገመች፣ አልነካችም። በግንቦት ታቀፈች፤ ዝናቡ ከመጠንከሩ በፊት ጫጩቶቹ ፈለፈሉ፤ ጓሮው ጭው ጭው አለ።

ሻሼን ፈትቼ ጫጩቶቹን በእሱ አቅፌ በአጥሩ ቀዳዳ ሾለክሁ። እግሬ መሬት አልነካም። «እትዬ! እትዬ ብርቄ! ፈለፈለች!»

እንዝርታቸውን አስቀምጠው አንዷን አነሱ፣ ጉንጫቸው ላይ አስጠጓት፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ መልሰው ሻሼ ውስጥ አኖሯት።

«ሸጋ ናቸው፣ ልጄ። ለእናንተ ይደጉ» አሉኝ። «እኔ ግን በእኔ ቤት ነበር ያልሁት።»

ውሰዷቸው ብዬ ለመንሁ፣ አባቴም መጥቶ ለመነ። አልወሰዱም። አዲሱም አልመጣ። ሞተ የሚል መርዶ እንኳ የሚያመጣ ሰው ጠፋ። ጦርነቱ ሲያልቅ ከግንባር የተረፉት እየተንጠባጠቡ ሲገቡ መንገድ ዳር ቆመው የእያንዳንዱን ፊት ያዩ ነበር፤ ኋላ ማየቱንም ተዉ። ልቅሶ ሳይቀመጡ፣ ደስታም ሳያዩ አርጅተው ሞቱና ቁስቋም ተቀበሩ። ግድግዳቸው እስከ መጨረሻው ሳይቀባ ቀረ። የእኛ ግድግዳ ደግሞ ከሥሩ ጀምሮ እስከ ዶሮ ቁመት ድረስ ተልጦ ስለነበር አባቴ ለቀጣዩ ዒድ በሌላ ሰው አስቀባው።

ሐያት ጩኸቷን ስትጨርስ የግብርና ባለሙያ ለሆነች ጓደኛዋ ደወለች። ልጅቷ አልሳቀችባትም። «ኖራ ጎድሏቸው ነው፤ ቅርፊቱ ሲሳሳ ይሰበራል፣ ሲሰበር ይቀምሱታል። የኖራ ድንጋይ ወይ የደቀቀ ቅርፊት ስጫቸው» አለቻት። ሐያት ያንኑ ቀን የኖራ ድንጋይ ገዝታ ጓሮ ጣለችላቸው። ዶሮዎቹ ከበቡት። ቀቅ፣ ቀቅ፣ ቀቅ!

እኔ በር ላይ ቆሜ ነበር። ድምፁን ስሰማ ደረጃው ላይ ተቀመጥሁ። ያ አላህ! ስንት ዘመን እትዬ ብርቄን «ምልኪ ያታለላቸው ምስኪን» እያልሁ ሳዝንላቸው ኖርሁ። ለካ ያቺ ዶሮ የበላችው የአዲሱን እጅ ሥራ ነው፣ እኛ ቤት የተረፈውን። እናቱ ቤት ደግሞ የሚቀባ ጠፍቶ ነበር። እሳቸው እንቁላሏን ከበላች ልጄ አይመለስም አሉ። ነገሩን ገልብጠው ያዙት እንጂ አልተሳሳቱም። ዶሮዋ እንቁላሏን የበላችው እሱ ስላልተመለሰ ነው።

ሐያት መጥታ ትከሻዬን ያዘችኝ። «እማዬ፣ ምነው? ዳኑ እኮ፣ ለዶሮ ይለቀሳል እንዴ?» አለችኝ። ምን ብዬ ልንገራት? የእትዬ ብርቄ ቤት ከፈረሰ ቆይቷል፣ ቦታው ላይ የቆመው የብሎኬት አጥር ቀዳዳ እንኳ የለውም። አይ፣ ጭስ ገብቶብኝ ነው አልኋት።