የክለባችን ትርፍና የእኔ እግር

የኳስ ክለብ ባለቤት ከክለቡ ትርፍ መውሰድ አለበት ወይስ የለበትም በሚል በከተማችን በሉማሜ ሰው ከሰው ሲኮራረፍ ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ያኔ የቡድኑ አምበል ነበርኩ። ከሰኞ እስከ ዓርብ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምራለሁ፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የመሀል ተከላካይ ሆኜ እጫወታለሁ።

የክለባችን ባለቤት ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው ባለወፍጮ ነበሩ። ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ክለቡን አልገዙትም፤ የሚሸጥ ነገርም አልነበረውም። ይመራው የነበረው ኮሚቴ ተበትኖ፣ ማሊያችን ተቀዳዶ፣ ልምምድ ካቆምን ሁለት ወር ሲሆነን ወፍጮ ቤታቸው አስጠሩንና «እኔ እይዘዋለሁ» አሉ። ያዙትም። ማሊያ አሰፉ፤ ከደብረ ማርቆስ አሰልጣኝ አመጡ፤ ሜዳውን ተከራይተው ዙሪያውን በባሕር ዛፍ አጣናና በቆርቆሮ አጠሩት። አራት ዓመት ሙሉ ከወፍጮው እያወጡ ወደ ክለቡ ሲያፈሱ አይተናል። ወደ ሌላ ከተማ ስንሄድ የሚኒባሱን የሚከፍሉት እሳቸው ነበሩ፤ ተሸንፈን ስንመለስም መንገድ ላይ ሻይ የሚጋብዙን እሳቸው ነበሩ።

በዚያው ዘመን ቅዳሜ ቅዳሜ ኳስ ማሳያ ቤት አብረን እንገባለን። ጋሼ የሚደግፉት የእንግሊዝ ክለብ በተሸነፈ ቁጥር ባለቤቶቹን ይራገማሉ። «ትርፉን ሰብስበው ይሄዳሉ፣ ተጫዋች አይገዙም። ደም መጣጮች!» ይላሉ፣ አግዳሚውን በመዳፋቸው እየመቱ። እኛም አብረናቸው እንራገም ነበር።

አምስተኛው ዓመት ላይ ማሸነፍ ጀመርን። ከዙሪያው ገጠር ሰው በእግሩ እየመጣ፣ እየከፈለ ይገባ ጀመር። አጥቂያችንን አንድ የትልቅ ከተማ ክለብ ወሰደውና ጠቀም ያለ ገንዘብ ተከፈለ። እኛም አዲስ ታኬታ፣ የመልበሻ ክፍል፣ ምናልባትም የኪስ ገንዘብ ጭማሪ ጠበቅን። ጋሼ ግን ውድድሩ እንዳለቀ ገንዘቡን አንሥተው ለሁለተኛ ወፍጮ ቤት መሠረት አስቆፈሩ። አልደበቁትም። ሲሚንቶው በጠራራ ፀሐይ ሲራገፍ ከተማው ሁሉ አየ።

ግብ ጠባቂያችን ዲያቆን ነው። ሜዳ ላይ ካልሆነ በቀር ድምፁን ከፍ አድርጎ ሰምቼው አላውቅም። ከልምምድ በኋላ ሁላችንንም ሣሩ ላይ አስቀመጠንና ተናገረ።

«ያ ልጅ የተሸጠው የጋሼ በሬ ስለሆነ አይደለም። እኛ አቀብለነው ነው ያገባው፤ ሕዝቡም ከፍሎ ገብቶ ነው ስሙን ያወጣለት። ክለብ ወፍጮ አይደለም። የገባበት ገንዘብ እዚያው መቅረት አለበት። ካልሆነ በሚቀጥለው ውድድር አንሰለፍ።»

ብዙዎቹ ተስማሙ። እኔ ተነሥቼ ተቃወምኩ።

«አራት ዓመት ሲከስሩ ማናችን ነን ከኪሳችን አውጥተን ያገዝናቸው? ኪሳራው የእሳቸው ብቻ ከነበረ ትርፉ የእሳቸው ቢሆን ምኑ ነው ነውሩ? ዛሬ ብንከለክላቸው ነገ ክለብ የሚይዝ ነጋዴ አናገኝም።»

«የሰጡትን መልሰው ይውሰዱ፣ እሺ። ከዚያ በላይስ?» አለኝ ግብ ጠባቂው።

«ከዚያ በላይም።»

አምበል ስለነበርኩ ቃሌ ሚዛን ደፋ። መጫወታችንን ቀጠልን። ጋሼ ይህን ሰምተው ኖሮ በማግስቱ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ትከሻዬን ያዝ አድርገው «አንተ ሰው ነህ» አሉኝ። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ከደምበጫ ቡድን ጋር እነሱ ሜዳ ላይ ተጫወትን። ሌሊቱን ዝናብ ጥሎ ስለነበር መሬቱ ያንሸራትታል። ከአጥቂያቸው ጋር አንድ ኳስ ላይ እኩል ደረስን። እሱ ሊመታ፣ እኔ ላወጣ። ቅልጥሜ ሲሰበር ድምፁን የሰማሁት ሕመሙን ከማወቄ በፊት ነው። የደምበጫው ልጅ ራሱን ይዞ ማልቀስ ጀመረ። ከዳር የነበሩ ሽማግሌዎች ጎበዝ ወጌሻ እንዳለ ነገሩን። ግብ ጠባቂው ግን እግሬን ከሁለት እንጨት ጋር በማሊያው አስሮ «በፍጹም! ደብረ ማርቆስ ነው የሚሄደው» አለ። ሚኒባሱ ወንበር ላይ አጋድመውኝ መንገዱን ሙሉ ጭንቅላቴን ጭኑ ላይ ይዞ ሄደ፣ ያ ከሦስት ሳምንት በፊት አፍ የተካፈትኩት ሰው።

ሐኪሙ አጥንቱ ሁለት ቦታ ስለተሰበረ በብረት መያያዝ አለበት አለ። ብረቱን እኛው ገዝተን ማምጣት ነበረብን። ግብ ጠባቂው የክለቡን ገንዘብ ወደሚይዘው ቡድን መሪ ደወለ። በክለቡ ስም የተቀመጠ ምንም ነገር አልነበረም። ያለው ሁሉ ሲሚንቶ ሆኗል። ጋሼ ደግሞ የወፍጮ ሞተር ሊገዙ አዲስ አበባ ሄደው ስልካቸው አይሠራም። ሚስቴ ከእኅቷ ተበደረች፤ አልበቃም። ተጫዋቾቹ ሉማሜ መናኸሪያ ላይ ማሊያቸውን ዘርግተው ከተሳፋሪ መለመን ጀመሩ። እኔ እግሬ እያበጠ እየከበደ፣ ጣሪያውን እያየሁ ሁለት ቀን ተኛሁ። በሁለተኛው ቀን ያ «ከዚያ በላይም» ያልኩት ቃል ትዝ አለኝ። ለማንም አልተናገርኩም።

በሦስተኛው ቀን ጋሼ ሉማሜ መናኸሪያ ከአውቶቡስ ሲወርዱ ከተጫዋቾቹ ሰምተው በቀጥታ መጡ። ጫማቸው አቧራ እንደለበሰ አልጋዬ አጠገብ ቆሙና እግሬን አይተው ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ምነው ለወፍጮው ዘበኛ እንኳ አልነገራችሁም? እሱ ያለሁበትን ያውቅ ነበር እኮ!» አሉ።

ወጥተው ሁሉንም ከኪሳቸው ከፈሉ። በማግስቱ ቀዶ ሕክምና ተደረገልኝ። እጃቸውን ይዤ አለቀስኩ፤ እሳቸውም አለቀሱ።

አራት ወር ያህል ቤት ዋልኩ። ጋሼ በየሳምንቱ ይጠይቁኛል። የተፈጨ ጤፍ ይልካሉ። በመጡ ቁጥር ሚስቴ የያዘችውን ሥራ ጥላ ትነሣለች፤ ወንበር ትጠርጋለች፤ ጉልበታቸውን ልትስም ታጎነብሳለች። አንድ ቀን ሸኝታቸው ስትመለስ በሩን ዘግታ ቆመች።

«ደግ ሰው ናቸው። እግዜር ይስጣቸው» አለች። «ግን እስከ መቼ ነው ጉልበት የምስመው? አንተ እግርህን የሰበርከው ስትሰርቅ አይደለም፤ ለእሳቸው ክለብ ስትጫወት ነው። እሳቸው ክፉ ሰው ቢሆኑስ ኖሮ? መንገድ ላይ መኪና ተገልብጦባቸው ቢቀሩስ?»

የሰጡኝን ነገር ቀድሞ ክለቡ ሊሰጠኝ ይገባ ነበር። የተቀበልኩት ግን እንደ ምጽዋት ነበር፤ ዕድሜ ልኬን የማመሰግንበት። ልዩነቱን ያሳየችኝ ኳስ የማትወደው ሚስቴ ናት።

በክራንች መሄድ ስጀምር ወፍጮ ቤት ሄድኩ። ሞተሩ ስለሚጮህ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀመጥን።

«ጋሼ፣ ትርፍዎን ይውሰዱ። አሁንም አልቃወምም» አልኳቸው። «ግን ከመውሰድዎ በፊት ለሚጎዳ ተጫዋች የሚሆን ይቀመጥ። በክለቡ ስም፤ እርስዎ ቢኖሩም ባይኖሩም የሚወጣ።»

ዱቄት የለበሰው ፊታቸው ጨፈገገ። «እኔ አልከፈልኩልህም?»

«ከፍለዋል። የመጣሁትም ለዚያ ነው።»

«ልጄ ብትሆን ከዚያ በላይ አላደርግልህም ነበር። አንተ ግን ወረቀት ይዘህ መጣህብኝ!»

«ወረቀት አልያዝኩም ጋሼ።»

«ሂድ። ሥራ አለብኝ» ብለው ገቡ።

ዐቢይ ጾም ሙሉውን አልጠየቁኝም። ሰው ውለታ ቢስ እያለ ያማኝ ነበር። ያመመኝ ሐሜቱ ሳይሆን የእሳቸው መጥፋት ነው። ከፋሲካ በኋላ ግን ቡድኑን በሙሉ ሰበሰቡ። ለበዓሉ ቤታቸው የመጣችው ልጃቸው ነገሩን ሰምታ «አባዬ፣ የእንግሊዞቹን ባለቤቶች ስትሰድብ ነበር እኮ ያደግሁት» ብላ እንደሳቀችባቸው ራሳቸው ነገሩን። እሳቸው አልሳቁም። መጀመሪያ ለሕክምና፣ ቀጥሎ ለሜዳውና ለአሰልጣኙ እንዲቀመጥ፣ የተረፈው የእሳቸው እንዲሆን ተስማሙ።

ግብ ጠባቂው «የተረፈውም ለክለቡ ይሁን» አለ።

«እንደዚያ ከሆነ ሜዳው ያውላችሁ» አሉ ጋሼ፤ የቀለዱ አይመስሉም ነበር።

ዓይኖች ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። የጋሼን ሐሳብ ደገፍኩ። ያ ጭንቅላቴን ጭኑ ላይ ይዞ የሄደ ሰው ተነሥቶ ወጣ፤ ለብዙ ጊዜም ሰላምታው ከአንገት በላይ ሆነብኝ። አሁን ቤተ ክርስቲያን ያገለግላል፤ ኳስ ትቷል። ስንገናኝ ስለ ልጆች እናወራለን። ያን ቀን ከመቼውም ይልቅ እሱን መስማት ነበረብኝ ይሆን እያልኩ አንዳንዴ አስባለሁ። አላውቅም። እሱ ያለው ዓይነት ክለብ በአካባቢያችን ሲቆም አላየሁም፤ ያ ግን አይቆምም ማለት አይደለም።

እኔ ተመልሼ አልተጫወትኩም። ስሄድ ትንሽ አነክሳለሁ፤ ምክትል አሰልጣኝ ነኝ። ባለፈው ክረምት መግቢያ የቀኝ ተከላካያችን በልምምድ ላይ ወድቆ ትከሻው ወለቀ። የቡድን መሪው ወዲያው ከተቀመጠው አውጥቶ ደብረ ማርቆስ ይዞት ሄደ፤ በማግስቱ ታክሞ ቤቱ ገባ። እሑድ ጋሼ ወደ ሜዳ መጡና አሰላለፉን አይተው «ያ ቀኝ ተከላካይ የት አለ?» አሉኝ።

ነገርኳቸው።

«ለእኔ ሳትነግሩኝ?»

«አላስፈለገም ጋሼ።»

ቅር ያላቸው መሰለኝ። ወደ ሜዳው ዞር አሉና «ደህና ነው ግን?» አሉ። ደህና ነው አልኳቸው። ዳኛው ፊሽካውን ነፋ፤ ሁለታችንም አግዳሚው ላይ ተቀመጥን።