ከጌጫ ቁልቁለት በኋላ

ባለቤቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ከቴፒና ከሸዋ ቤንች ቡና ጭኖ በጅማ በኩል አዲስ አበባ ያደርሳል፤ ሲመለስ ደግሞ ለሚዛን ነጋዴዎች ሳሙና፣ ስኳርና ቆርቆሮ ይዞ ይገባል። እኔ ሚዛን አጠገብ ባለችው አማን አስተማሪ ነበርኩ። ከውጭ ለሚያየን ምንም የጎደለን ሰዎች አልነበርንም። እኔ ግን እሱ ከቤት ከወጣበት ሰዓት ጀምሮ እስኪመለስ ድረስ ሰው አልነበርኩም።

ዝናብ ሲዘንብ መኪናዋ ጭቃው ላይ ስትንሸራተት ይታየኛል። ፀሐይ ሲሆን ደግሞ አቧራው መንገዱን ጋርዶበት ከሌላ መኪና ጋር ሲላተም ይታየኛል። ስልክ ባልነበረበት ጊዜ ከቴፒ የሚመጣ ሹፌር ባየሁ ቁጥር "አይተኸዋል?" እያልኩ መንገድ ላይ አስቆም ነበር። ሞባይል ሲመጣ እፎይ የምል መስሎኝ ነበር፤ ጭራሽ ባሰብኝ። ከከተማ ትንሽ ራቅ ካለ ኔትወርክ የለም። ያቺ የስልኳ ሴትዮ "ማግኘት አይችሉም" ባለች ቁጥር እኔ የምሰማው "ሞቷል" ስትል ነው።

ሰውነቴ አለቀ። ክፍል ውስጥ ጠመኔ እንደያዝኩ ልቤ ዘሎ የሚወጣ ይመስለኝና ግድግዳ እደገፋለሁ። የልብ በሽታ ነው ብዬ ሆስፒታል ሄድኩ። ሐኪሙ ደጋግሞ አዳመጠኝና "ልብሽ ደህና ነው። የሚያስጨንቅሽ ነገር አለ እንዴ?" አለኝ። ተናድጄ ወጣሁ። ታመሻል ቢለኝ ይሻለኝ ነበር።

በዚያው ሰሞን የንስሐ አባቴን ቤታቸው ድረስ ሄጄ አነጋገርኳቸው።

"ትጸልያለሽ?" አሉኝ።

"ሌት ተቀን እጸልያለሁ አባ።"

"ምን እያልሽ?"

"ፍሬኑ እንዳይበጠስ፣ ድልድዩ እንዳይሰበር፣ እንቅልፍ እንዳይወስደው፣ ሽፍታ እንዳያገኘው..."

ሰምተውኝ ሲያበቁ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ልጄ፣ ለእግዚአብሔር የምትነግሪው ስለ መኪና ብቻ ነው። ሸክምሽን ፊቱ ታወርጂና አንድ በአንድ አሳይተሽው፣ መልሰሽ ተሸክመሽው ትወጫለሽ። አንድ ቀን እንኳ እዚያው ትተሽው ውጪ እንጂ።"

"እንዴት ነው የሚተወው?"

"እሱ ያስተምርሻል" አሉኝ።

ቅር ብሎኝ ተመለስኩ። ቢያንስ የምደግመው ጸሎት ወይም የምሰግደው ስግደት ያዙኛል ብዬ ነበር የሄድኩት።

ቡና ተለቅሞ የሚጓጓዝበት ወቅት ነበር፤ በዚያ ዓመት ግን ዝናቡ አልቆም ብሎ ነበር። ባለቤቴ ወደ ጌጫ ብቻውን ሄደ። ረዳቱ ወባ ይዞት ተኝቶ ነበርና ከእሱ ሌላ መኪናዋ ውስጥ ማንም እንደሌለ አውቃለሁ። በማግስቱ ረፋድ ላይ ክፍል ውስጥ ሳስተምር ርዕሰ መምህሩ በሩን ከፍቶ ቆመ። ፊቱን ሳየው ጠመኔውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ሳይጠራኝ ወጣሁ።

"ተረጋጊ" አለኝ። "ከጌጫ ወደ ቴፒ ሲወርድ መኪናዋ ገደል ገብታለች።"

"ሞቷል?"

መሬት መሬት አየ። "አንድ ሰው ሞቷል ነው የሚሉት።"

አንድ ሰው። እሱ ደግሞ ብቻውን ነው የሄደው። ሌላ የምጠይቀው ነገር አልነበረኝም።

ርዕሰ መምህሩ ከአንድ ነጋዴ ፒካፕ ለምኖ አብሮኝ ተሳፈረ። ስንት ዘመን ሙሉ ስፈራው የኖርኩት ቀን መጣ። በሐሳቤ ይህን ቀን ደጋግሜ ኖሬዋለሁ፤ እጮሃለሁ፣ እወድቃለሁ፣ ፀጉሬን እነጫለሁ ብዬ ነበር የማስበው። ከነዚህ አንዱም አልሆነም። ልቤ እንኳ እንደ ወትሮው አልዘለለም። መስኮቱን ይዤ ዛፉን፣ እንሰቱን፣ በየደጁ በሸራ የተሸፈነውን ቡና እያየሁ "ጌታዬ፣ እኔ ልደርስለት አልችልም። አንተ እዚያው ነህ" አልኩ። በቃ። ስለ ፍሬን አላነሳሁም፣ ስለ ድልድይ አላነሳሁም። የምለምነው ነገር ሁሉ አልቆ እሱ ብቻ ቀረ። እንዲህ ጸልዬ አላውቅም ነበር፤ በራሴ ደነገጥኩ። ርዕሰ መምህሩም ሳይደነግጥ አልቀረም፣ እየሰረቀ ያየኝ ነበር።

ቴፒ ጤና ጣቢያው ደጅ ላይ ሰው ተሰብስቧል። የሹፌሩ ሚስት መሆኔን ሲሰሙ መንገድ ለቀቁልኝ፤ አንዳንዶቹ ሴቶች ደረታቸውን መምታት ጀመሩ። ኮሪደሩ ላይ ቃሬዛ አለ፣ ቃሬዛው ላይ በነጠላ የተሸፈነ ሰው። ማንም አልከለከለኝም። ቀርቤ ነጠላውን ከፊቱ ላይ ገለጥኩት።

ባለቤቴ አልነበረም።

ጢሙ ገና ማቀምቀም የጀመረ ወጣት ነው። ፊቱ ላይ ጭረት እንኳ የለም። በሕይወቴ አይቼው የማላውቀው ሰው ነው። "ይሄ የእኔ አይደለም! ተመስገን!" ብዬ ጮህኩ። ድምፄ ኮሪደሩን ሞላው። ወዲያው ሰዉ ሁሉ ጸጥ ሲል ምን እንዳልኩ ለራሴ ተሰማኝ። ይህም የአንዷ ልጅ ነው። እጄ ነጠላውን እንደያዘ ቀረ፤ ማልበስ እንኳ አቃተኝ።

በዚያ ጸጥታ መሐል ከጎን ካለው ክፍል "ውኃ... ውኃ ስጡኝ" የሚል ድምፅ ሰማሁ። የእሱ ድምፅ ነው። ወደ ክፍሉ ያስገቡኝ ሁለት ሰዎች ደግፈውኝ ነው።

እግሩ ከጉልበቱ በታች ተሰባብሯል፤ የጎን አጥንቱም ተጎድቷል። ሲያየኝ መጀመሪያ ያለኝ "ልጁስ?" ነው። ከጌጫ ሲወጣ መንገድ ዳር ቆሞ እባክህ ቴፒ አድርሰኝ ብሎ የለመነው ልጅ ነው። ዝናብ ያረሰረሰው የመንገዱ ጠርዝ ከጎማው ሥር ተናደ፣ መኪናዋም ከነጭነቷ ተንከባለለች። "ልጁስ?" አለኝ ደግሞ። ወደ ኮሪደሩ ዞሬ አየሁ። ገባውና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ጅማ ወስደነው እግሩ ላይ ቀዶ ጥገና ተደረገለት። ትራፊክ ፖሊስም መርምሮ፣ የተናደው መንገዱ ነው፣ ጥፋት የለበትም አለ። ሽማግሌዎች ለቅሶ ደርሰው ከልጁ ቤተሰብ ጋር ዕርቅ አወረዱ። ሁሉም ነገር በወጉ አለቀ ተባለ። ባለቤቴ ግን በክራንች ወደ ቤት ሲመለስ እኔ የማውቀው ሰው አልነበረም።

ያ በጉም ውስጥ እያፏጨ የሚነዳ ሰው በር ሲንኳኳ የሚበረግግ ሆነ። ሰማዩ ከጠቆረ "ዛሬ ትምህርት ቤት አትሂጂ" ይለኛል። ከገበያ ትንሽ ከዘገየሁ ክራንቹን ይዞ አጥሩ ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። "ምን ሆነሽ ነው? ምን አገኘሽ?" ይለኛል፣ ላብ በላብ ሆኖ። ቃሉ የእኔ ነበር። ያንን ሁሉ ዓመት እኔ ያልኩትን እሱ ሲለው መስማት እንዴት እንደሚያስደነግጥ አልነግራችሁም። ይበልጥ የገረመኝ ደግሞ እኔ ነኝ፤ ከእሱ ጋር አልተሸበርኩም። አጠገቡ እቀመጥና እጁን እይዛለሁ። ጠዋት ጠዋት አባታችን ሆይ አብረን እንላለን። ከዚያ "ዛሬ ምን አስፈራህ?" እለዋለሁ። ይነግረኛል። "እሺ፣ ይህንን ለእሱ ነግረነዋል፣ እዚሁ እንተወው" እለዋለሁ። አንዳንድ ቀን ይተወዋል፣ አንዳንድ ቀን ምሳ ሳይደርስ መልሶ ያነሳዋል። አልተቆጣሁትም። እኔም ስንት ዓመት ፈጅቶብኛል።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ "የልጁን እናት ማየት አለብህ" አልኩት።

ቀጥ ብሎ ቆመ። "ሽማግሌዎቹ ሄደው የለ?"

"ሽማግሌዎቹ ሄደዋል። አንተ አልሄድክም።"

"ትገድለኛለች።"

"አትገድልህም።"

"ባትገድለኝስ?" አለ። "ይቅር ብዬሃለሁ ብትለኝ ምን እሆናለሁ?"

ቢሆንም በአውቶቡስ ሄድን። አደጋው የደረሰበት ቦታ ላይ ስንደርስ ዓይኑን ጨፍኖ ክንዴን ጨመቀኝ፤ ጣቶቹ ክንዴ ላይ ታትመው ቀሩ።

የልጁ እናት ቤት ከጌጫ ከተማ ወጣ ብሎ፣ እንሰት የከበበው ጎጆ ነው። ጉም ወርዶ ነበር። አንዲት ቀጭን ሴትዮ ከቤት ወጥታ አየችን፣ ክራንቹን አየች፣ ማን እንደሆነ ገባት። ተመልሳ ገባች። ባለቤቴ "እንሂድ፣ በእግዚአብሔር እንሂድ" አለኝ። እኔም ልሂድ ብዬ ነበር። ዞር ስንል ግን ሴትዮዋ ዱካ ይዛ ወጣች። ከፊቱ አስቀመጠችና "ተቀመጥ፣ እግርህ ታሟል" አለችው። ተቀመጠ። እሷ ከፊት ለፊቱ መሬት ላይ ተቀመጠች።

"እማማ፣ እኔ..." ብሎ ጀመረ።

"እሱን ተው" አለችው። "እኔ አማርኛ ብዙ አላውቅም። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። መኪና ውስጥ ከልጄ ጋር ምን ታወሩ ነበር?"

ባለቤቴ ቀና ብሎ አያት። ያን ሁሉ ወር ስለ መውደቁ እንጂ ከመውደቁ በፊት ስለነበረው ነገር ማንም ጠይቆት አያውቅም፤ እኔም ጭምር። "ስለ ንብ" አላት።

"ስለ ንብ?"

"አባቱ ረጅም ዛፍ ላይ ስለሚሰቅሉት ቀፎ ይነግረኝ ነበር። አንድ ቀን ልጁ ራሱ ማር ሊቆርጥ ወጥቶ መሐል ላይ ሲደርስ ከፍታው አስፈርቶት ግንዱን አቅፎ ቀረ። ንቦቹ ሳይነድፉት ንብ በላኝ እያለ የጮኸው፣ መውረድ እንደፈራ እንዳይታወቅበት ነው ብሎ አሳቀኝ። እየሳቅን ነበር። እየሳቅን እያለን ነው..." ከዚያ በላይ መናገር አልቻለም።

ሴትዮዋ አፏን በመዳፏ ያዘች። የምታለቅስ መስሎኝ ልይዛት ተነሳሁ። እየሳቀች ነበር። "እውነቱን ነው!" አለች፤ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ። "እውነቱን ነው! ፈሪ ነበር! ለአባቱ ንብ ነው አለ፣ እኔ ግን አውቄ ነበር!" ልጇን በቀበረች እናት ደጅ ላይ እንዲህ ያለ ሳቅ እሰማለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። ቀጥሎ ሳቁ ወደ ልቅሶ ተለወጠ፣ ባለቤቴም አብሯት አለቀሰ፤ ከአደጋው ወዲህ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ልቅሶው ሲበርድ ተነስታ እጇን ራሱ ላይ ጫነች። ፕሮቴስታንት ናት። የእኛ አንገት ላይ ደግሞ ማተብ አለ፤ በከተማችን እነሱና እኛ እንዲህ ተነካክተን አንጸልይም። ባለቤቴ ደንገጥ ብሎ አየኝ፣ ራሱን ግን አላሸሸም። በራሷ ቋንቋ ጸለየች። እኛ ከዚያ ሁሉ የለየነው "ጌታ" የሚለውን ብቻ ነው፤ "አሜን" ስትል እኛም አሜን አልን።

ስንሰናበታት እጁን ሳትለቅ "ከልጄ ጋር መጨረሻ የሳቅከው አንተ ነህ። ስለዚህ አንገትህን ደፍተህ አትኑርብኝ። ልጄ ጌታ ዘንድ ነው፣ አንተም የጌታ ነህ። ሥራህን ሥራ" አለችው። ባለቤቴ ጎንበስ ብሎ ጉልበቷን ሳመ።

ከዚያ በኋላ ፍርሃቱ በአንድ ቀን አልለቀቀውም። ግን ሰማዩ ሲጠቁር ትምህርት ቤት እንዳልሄድ መከልከሉን ተወ። ቀስ በቀስ ክራንቹን በምርኩዝ፣ ምርኩዙን በማነከስ ለወጠ። ጌጫ በሄድን ቁጥር እሷ ቤት እንገባለን፤ ቆይታም እሷ ሚዛን ለሕክምና ስትመጣ እኛ ቤት ታርፍ ጀመር። ሁለቱ የልጁን ወሬ እያነሱ ሲስቁ ጎረቤት ግራ ይገባው ነበር።

እግሩ ሲጠነክርለት በሌላ መኪና ወደ መሪው ተመለሰ። የመጀመሪያ ቀን ቡና ሊጭን ሲወጣ ደጅ ድረስ ሸኘሁት። አማተበ፣ እኔም አማተብኩ፣ "በሰላም ግባ" አልኩት። ሄደ። ዝናብ ያካፋ ነበር። ትምህርት ቤት ገብቼ ስለ ክፍልፋይ ሳስተምር፣ የልጆቹን ደብተር ሳርም፣ ከአስተማሪዎች ጋር ሻይ ስጠጣ ቆየሁ። የምሳ ደወል ተደውሎ ወደ ቤት ሳቀና መንገድ መሐል ላይ ድንገት ቆምኩ። ከጠዋት ጀምሮ አንድ ጊዜ እንኳ ስለ መንገዱ አላሰብኩም። ለቅጽበት ከባድ ነገር የረሳሁ መስሎኝ ደነገጥኩ፤ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ልቤን አዳመጥኩት። በዝግታ ይመታል። ዝናቡ ላይ ቆሜ "አምላኬ፣ አንተ ነህ?" አልኩ ጮክ ብዬ። ሁለት ተማሪዎች አልፈውኝ ሲሄዱ ዞር ብለው አዩኝና ተሳሳቁ።