ሊያን ያሸማገልኩበት ቀን

ይህን ለሚስቴም ለፓስተሬም ተናግሬ አላውቅም። ለአንተ የምነግርህ ስለማታውቀኝ ነው። ልታዝንልኝ ከሆነ ግን እዚሁ ላይ ተወው፤ ሐዘንህን አልፈልግም።

ሚኒያፖሊስ ውስጥ ለስደተኞች መብት እሟገታለሁ የሚል ድርጅት ውስጥ አስተርጓሚ ነበርኩ። ደመወዛችን መንግሥት ከሚሰጠን የድጋፍ ገንዘብ፣ ከግራንት ነው የሚመጣው። ሒሳቡን የምትይዘው ሊያ አይሁዳዊት ናት። አንድ ቀን ሚቲንግ ላይ፣ ለስደተኛ ሴቶች የተሰጠው ገንዘብ ለምን ለዳይሬክተሩ ጉዞ እንደዋለ ጠየቀች። ዳይሬክተሩ ፈገግ ብሎ፣ «ገንዘብ ሲነሳ የእናንተ ሰዎች እንቅልፍ የላቸውም» አላት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ። እኔ! እሑድ እሑድ ኩን ራፒድስ ባለው ቸርቻችን መድረክ ላይ ቆሜ ለእስራኤል የምጸልየው ሽማግሌ፣ ከሁሉም ጋር ገለፈጥኩ።

ሊያ ስለ ስድቡም ስለ ገንዘቡም ለመንግሥት አቤት ብላ ኮምፕሌይን አደረገች። የመንግሥት ተቆጣጣሪ ሊመጣ ሲል ዳይሬክተሩ ጠራኝና፣ «አንተን ትሰማሃለች» አለኝ። ምን እንደፈለገ ወዲያው ገባኝ። ግራንቱ ከቆመ የቤቴን ሞርጌጅ ማን ይከፍልልኛል? ያሰብኩት ይህንን ብቻ ነው።

ሴንት ፖል ቤቷ ድረስ ድራይቭ አደረግሁ። እንደ አገራችን ሽማግሌ ደጇ ላይ ቆምኩ። አስገብታኝ ሻይ ስታመጣልኝ፣ «እሺ ካላልሽኝ አልቀመጥም፣ ውሃም አልቀምስም» አልኳት። ወጉን አታውቀውም፤ ደነገጠች። እኛ ዘንድ ሽማግሌ የሚላከው በዳይ ጥፋቱን አምኖ ነው። የእኔ ላኪ ምን አመነ? ምንም!

«ቀልድ ነበር። ለእኛ ለስደተኞቹ ስትይ ተይው» አልኳት።

«አንተም ሰምተሃል አይደል?»

«ኧረ እኔ አልሰማሁም።»

ዓይኗ እያየኝ የሳቅኩ ሰውዬ! አለቀሰች። ከዚያ እሺ አለች። እኔም ተቀምጬ ሻዩን ጠጣሁ።

ተቆጣጣሪው መጥቶ አድልዎ አይቼ እንደሆነ ሲጠይቀኝ፣ «በጭራሽ! እኛኮ ቤተሰብ ነን» አልኩት። ግራንቱ ታደሰ። ብዙም ሳይቆይ ሊያን አባረሯት፤ የሴቶቹም ፕሮግራም ተዘጋ።

ፈርቼ ነው አልልም። ፈሪ ይደበቃል፤ እኔ ቤቷ ድረስ ሄጄ ነው የበደልኳት። ድርጅቱ ዛሬ የለም፤ አሁን መናገሬም ጀግንነት አይደለም። ለምን ይቅርታ አትጠይቃትም ትለኝ ይሆናል። አልጠይቃትም። ጨዋ ናት፣ እሺ ትለኛለች።