ቁም ሳጥን ውስጥ የተቆለፈ ትንፋሽ

በአገራችን ወግ ሹም አንቱ ይባላል። እኔ ግን በዚህ ጽሑፍ አንቱ የምለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሳቸውም ሹም አልነበሩም። የእሳት አደጋ ሠራተኛ ነበሩ፣ ያውም በኮንትራት። የሁለታችን አለቃ የነበረውን ሰው «አንተ» ብለው እንኳ ይበዛበታል። እናቴ በሕይወት ኖራ ይህን ብትሰማ «አፍህን ሰብስብ» ትለኝ ነበር። አልሰበስብም።

የሠራሁባትን ከተማ ስም አልጠራም። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ሲኬድ አስፋልቱ መሐል ለመሐል ከሚሰነጥቃቸው ከተሞች አንዷ ናት፤ የሚያውቃት ያውቃታል። ጊዜው ሁሉም ነገር በግምገማ ተጀምሮ በግምገማ የሚያልቅበት፣ ሰው አንድ ለአምስት የሚደራጅበት ዘመን ነበር። የእሳት አደጋ ክፍል የሚባለው ሦስት ሰው ነው፤ ሾፌሩ፣ እኔና ጋሼ የምላቸው አዛውንት። ቀድሞ ከዚያ በላይ ነበርን አሉ፤ የሥራ ሂደት ለውጥ የሚባለው ሲመጣ ሌሎቹ «ትርፍ» ተብለው ወጡ። ሾፌሩም የእኛ ብቻ አልነበረም፤ ጠዋት ጠዋት የከተማውን ቆሻሻ ይጭናል። እሳት ሲነሳ መጀመሪያ የምናጠፋው እሳቱን ሳይሆን ጊዜ ነው፤ ሾፌሩን በየሰፈሩ ስንፈልግ።

ጋሼ ከጥበቃ ሥራ ተዛውረው ነው የመጡት። እኔ የተቀጠርኩት ደግሞ ቁመቴ ታይቶ ይመስለኛል፤ ሌላ የጠየቁኝ ነገር አልነበረም። ስልጠና አልተሰጠንም ብል ውሸት ነው። አንድ ጊዜ አዳራሽ ተሰብስበን ስለ መልካም አስተዳደር ሰምተናል። ስለ እሳት የተነገረን እሳት አደገኛ መሆኑን ብቻ ነው፤ ይህን ደግሞ እሳት ዳር ያደገ ሕፃንም ያውቀዋል። ጭስ ውስጥ የምንገባው ነጠላ ውሃ ነክረን አፍንጫችን ላይ ጠምጥመን ነበር። ጓንታችን የግንበኛ ጓንት፣ ቦት ጫማችን የክረምት ቦት ጫማ።

አንድ ቀን ከውጭ የተለገሰ ነው ተብሎ ሁለት የመተንፈሻ መሣሪያ መጣ። ጀርባ ላይ የሚታዘል የአየር ቦምቦላና ፊትን የሚሸፍን መስታወት ያለው ጭንብል ነው። ጋሼ ያን ቀን እንደ ልጅ ነበር የተደሰቱት፤ ቦምቦላውን በእጃቸው ዳበስ አድርገው «እግዜር አሰበን» አሉ። እግዜር አስቦን ይሆናል፤ አለቃችን የነበረው ኃላፊ ግን ሁለቱንም ቢሮው አስገብቶ መስታወት ባለው ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈባቸው። ቁልፉን ኪሱ ከተተ።

ምክንያቱን የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ያውቀዋል። ንብረት የሚበላሸው ሲሠራበት ነው፤ ሲበላሽ የሚጠየቀው ደግሞ የፈረመው ሰው ነው። ስለዚህ ጥሩ ንብረት ጠባቂ ማለት የማያሠራ ማለት ነው። ለመጠየቅ በገባሁ ቁጥር መልሱ አንድ ነበር፤ «ቢሰበር ከደሞዝህ ትከፍላለህ?» እኛም ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ እያልን በነጠላችን ቀጠልን።

ቁም ሳጥኑ የሚከፈተው እንግዳ ሲመጣ ብቻ ነው። ከዞንም ከክልልም ሰው በመጣ ቁጥር ኃላፊው ጋሼን ያስጠራል፤ «አንተ፣ እዘለው!» ይላል። በዕድሜ አባቱ የሚሆኑትን ሰው ነው አንተ የሚለው። ጋሼ ያዝላሉ። እሱ የቦምቦላውን መክፈቻ ያዞራል፣ አየሩ ሽሽ ይላል፣ መልሶ ይዘጋዋል። ከተዘጋ በኋላ መሣሪያው ቀጭን ፉጨት ያፏጫል። እንግዶቹ ፈገግ ሲሉ «ሰማችሁ? ሲሠራ እንዲህ ያፏጫል» ይላቸዋል። አንድ ቀን እንግዶቹ ባሉበት «አየሩ አያልቅም ወይ? የሚሞላውስ የት ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። ኃላፊው ሳቀ። «አየር የሚያልቅበት አገር አይተህ ታውቃለህ?» አለኝ። እንግዶቹም ሳቁ። ያን ሳቅ አልረሳውም፤ ጥርሳቸውን ሁሉ አስታውሳለሁ።

ጋሼ እንደ እኔ አይናገሩም ነበር፤ ስለማይገባቸው አልነበረም። ቋሚ መሆን ይፈልጋሉ። ኮንትራት ጡረታ የለውም፤ እሳቸው አንድ ነገር ቢሆኑ ባለቤታቸው ባዶ እጃቸውን ነው የሚቀሩት። የሚያስፈርማቸው ደግሞ ኃላፊው ነው። በየዓመቱ «በሚቀጥለው በጀት» ይላቸዋል፤ እሳቸውም በየዓመቱ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው «እሺ ጌታዬ» ይላሉ። እኔ ስናደድ «ተው ልጄ፣ ከሹም አትሟገት፣ ከባለጌ አትጫወት» ይሉኛል። እኔ ግን ሁለቱ አንድ ሰው ሆነውብኝ ነበር።

የዚያ ዓመት ጥር ላይ ከበላይ ትልልቅ እንግዶች መጡ። ከቡሬ ወደ ሽንዲ በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ባለ አንድ ቀበሌ ለገበሬዎች የመስኖ ሞተር ሊያስረክቡ ነው። ሞተሩ በቀበሌው የማኅበር መጋዘን ተቀምጧል። ለክብራቸው ሲባል በዚያው ጠዋት የመጋዘኑን በር የሚያድስ በያጅ ተጠርቶ ነበር። የብየዳው ፍንጣሪ በሩ ሥር በተከመረ ባዶ ጆንያ ላይ ወደቀ። ስልኩ ሲደወል እንግዶቹ ኃላፊው ቢሮ ለስላሳ እየጠጡ ነበር።

በዚያች ሰዓት ቁም ሳጥኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሥራ ተከፈተ። ኃላፊው ቁልፉን ከኪሱ ያወጣው እንግዶቹ እንዲያዩለት ቀስ ብሎ ነው። አንደኛው ጭንብል በመስኮት ሲገባ በኖረ ፀሐይ ጎማው ተሰነጣጥቋል። ደህናው አንዱ ነበር። ጋሼ ያዙት። እኛ በውሃ ቦቴያችን ፊት ፊት፣ እነሱ በላንድክሩዘራቸው ኋላ ኋላ፣ በዚያ አቧራ ተጓዝን።

ስንደርስ መጋዘኑ በበሩ በኩል ተያይዟል። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ጭቃ ነው። ጭሱ የሣር ጭስ አይደለም፤ ቢጫ ቢጫ ይላል፣ ጉሮሮ ይቆነጥጣል። ማዳበሪያና ፀረ-ተባይ ነበር ውስጡ። ገበሬዎቹ ዶማና ቅጠል ይዘው ነፋሱን ጀርባ ሰጥተው ቆመዋል። ከመሐላቸው አንድ ሽማግሌ ወደ ኃላፊው ቀረብ ብለው፣ «ጌታዬ፣ ይተውት። የዕቃ ነገር ነው። ያ ጭስ የተባይ መድኃኒት ነው፤ ሰው ይፈጃል» አሉት።

ኃላፊው አልሰማቸውም። «ሞተሩ ጓዳው ውስጥ ነው» አለ። ወደ ጋሼ ዞሮ «አንተ፣ ልበስና ግባ! መሣሪያው የመጣው ለምንድን ነው?» አላቸው።

«አጠቃቀሙን ማን አስተማረን?» አልኩት። ድምፄን ከፍ አድርጌ ነው ያልኩት፤ እንግዶቹ እንዲሰሙ።

«አንተን በግምገማ እናገኝሃለን» አለኝ። ከዚያ ጋሼን በክንዳቸው ሳብ አድርጎ ዝግ ባለ ድምፅ «የቋሚነትህን ነገር እነዚህ ሰዎች ፊት ነው የምታስጨርሰው» አላቸው። አጠገባቸው ስለነበርኩ እያንዳንዱን ቃል ሰምቻለሁ።

ጋሼ አማተቡ። ጭንብሉን አጠለቅሁላቸው፤ ቀበቶውን በየት በኩል እንደሚጠብቅ ሁለታችንም አላወቅንም። ወገባቸው ላይ የሚታሰር ገመድ እንኳ አልነበረንም። እኔ ቱቦውን ይዤ በሩን ማርጠብ ጀመርኩ፣ ሾፌሩ ፓምፑ ላይ ቆመ፣ እሳቸው በውሃው ሥር ጎንበስ ብለው ገቡ። ጭሱ ዋጣቸው።

ብዙም ሳይቆይ ከውስጥ ፉጨቱ ተሰማ። ያው ቢሮ ውስጥ የምናውቀው ቀጭን ፉጨት። ኃላፊው ሁለት እጁን ከፍ አድርጎ አጨበጨበ። «ሰማችሁ? እየሠራ ነው!» አለ። እንግዶቹ አጨበጨቡ። እነሱን ያዩ ገበሬዎችም አጨበጨቡ፤ አንዲት ሴት እልል አለች። እኔ እጄ በቱቦ ስለተያዘ አላጨበጨብኩም እንጂ ሆዴ ቀለል ብሎኝ ነበር። ጋሼ ደህና ናቸው ብዬ ነበር።

ፉጨቱ እየቀጠነ ሄደ፤ ከዚያ ቆመ። ጠበቅን። ጋሼን ጮክ ብዬ ተጣራሁ፣ መልስ የለም። ቱቦውን ለአንድ ገበሬ ሰጥቼ በነጠላዬ ልገባ ስል በሩ ላይ ጉበኑ ተገንድሶ ወደቀ። ኃላፊው «አውልቆት ይሆናል» አለ። ይህንንም አልረሳውም።

እኒያ ሽማግሌ ገበሬ ግን ቀድመውት ወደ ጓሮ ሄደዋል። በእኛ አገር ገጠር ቤት ሲቃጠል ከብት በበር አይወጣም፤ ከብት እሳት ወዳለበት በር ብትነዳው አይሄድልህም። ወንዶቹ ወደ ጓሮ ይዞሩና ግድግዳውን ቀደው ከኋላ ያወጡታል። የዚያ ቀበሌ ሰዎችም ያንኑ አደረጉ። ማንም ሳያዛቸው በዶማና በመጥረቢያ የጓሮውን ጭቃ ናዱት፣ ማገሩን ቆራረጡት። ጋሼ ከሞተሩ አጠገብ በግንባራቸው ተደፍተው ነበር። በእግራቸው ጎትተው አወጧቸው። አንዱ ጎረምሳ ጭንብሉን ከፊታቸው ገሸለጠው፤ ያኔ እንደ ወናፍ የሚጮህ ትንፋሽ ሳቡ። ሴቶቹ ወተት አመጡ፤ በአገራችን መርዝ የነካው ሰው ወተት ይጠጣል። ጋሼ ጠጥተው መልሰው አስታወኩት።

ሐኪም ቤት እናድርሳቸው፣ ላንድክሩዘሩ ይፈጥናል አልኩ። ኃላፊው «የእንግዶቹ መኪና ፕሮግራም አለው» አለ። ጋሼን በቦቴው ጋቢና አስቀምጠን፣ ራሳቸውን ደረቴ ላይ አስደግፌ፣ በዚያ ጠጠር መንገድ እየተንገጫገጭን አደረስናቸው። መንገዱን ሙሉ ኃላፊውን እየረገምኩት ነበር። እንኳን ያን ቀን፣ ዛሬም ቢሆን እርግማኑን አላነሳሁለትም።

ሞተሩ ተቃጠለ። ጋሼ ተረፉ፤ መትረፍ ካሉት። ደረታቸው እንደ ድሮው አልሆነም። ከቤታቸው እስከ ገበያ ለመድረስ አጥር እየያዙ ያርፋሉ። በግምገማው ላይ ኃላፊው ጀግንነታቸውን አወድሶ ተናገረ፤ እኔን ደግሞ የሥነ ምግባር ጉድለት አለበት አለኝ። ጋሼን ወደ ጥበቃ መለሷቸው፣ በር ላይ እንዲቀመጡ። አሁንም በኮንትራት።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው፣ ከዚያ በኋላ ስልጠና መጣልን። አሠልጣኙ ከክልል ከተማ የመጣ፣ ትሑት፣ ሥራውን የሚያውቅ ወጣት ነበር። አዳራሹ ውስጥ ኃላፊው ከፊት ተቀምጧል። ጋሼም ውሎ አበል ስላለው ይካተቱ ተብለው ከኋላ ወንበር ተቀምጠዋል። አሠልጣኙ ያንን ቦምቦላ ከፍ አድርጎ ያዘና መሣሪያው ሲያፏጭ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው እንዳለ ጠየቀ። «አየሩ ሊያልቅ ነው ማለት ነው» አለ። «ይህን ፉጨት ስትሰሙ ምንም ዓይነት ሥራ ቢኖር ጥላችሁ ትወጣላችሁ። ውጭ ያለውም ሰው ጠርቶ ያስወጣችኋል።»

የኃላፊውን ማጅራት እያየሁ፣ ተነሥቼ ልናነቀው ወይስ ልውጣ እያልኩ ነበር። ያኔ ከኋላ ጋሼ እጃቸውን አወጡ። ቆሙ። እያረፉ፣ ትንፋሽ እየሰበሰቡ ነበር የሚናገሩት።

«ይቅርታ መምህር። ያን ለት እኔ ውስጥ ነበርሁ። ጆሮዬ ሥር ሲያፏጭብኝ ፈራሁና ልመለስ ብዬ ዞሬ ነበር። ዛዲያ ከውጭ ጭብጨባ ሰማሁ። በርታ እያሉኝ ነው ብዬ ተመልሼ ወደ ጓዳው ዘለቅሁ።» ጥቂት አረፉ። «እኒህ ጌታችን ያን ጊዜ ሲያጨበጭቡልኝ ምን ማለታቸው ነበር?»

አሠልጣኙ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። ኃላፊው ተነሣ፣ የኮቱን ቁልፍ ቆለፈ፣ ወደ ኋላ ዞረ። ይቅርታ የሚጠይቅ መስሎኝ ነበር፤ እንደ ሞኝ።

«የቋሚነትህ ጉዳይ በሂደት ላይ ነው» አላቸው።

ጋሼ በዚያው ክረምት ሞቱ፤ ቋሚ ሳይሆኑ። ባለቤታቸው ዛሬ ማንኩሳ ከእኅታቸው ጋር ይኖራሉ፤ ጡረታ የሚባል አልደረሳቸውም። ኃላፊው አድጎ ወደ ሌላ ቦታ ሄዷል። ይህን ሁሉ አውቄ፣ ከሁሉ ይልቅ እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ኃላፊው የሰጠው መልስ አይደለም። ጋሼ ያን መልስ ሰምተው፣ ወንበሩን በእጃቸው ደገፍ ብለው፣ ጎንበስ አሉና «እግዜር ይስጥልኝ ጌታዬ» አሉት። ከልባቸው ነበር።