ትሑቷ ፊቢና የቅመም ሣጥኗ

ፊቢ ዊከርሻም ትሕትናዋን የማያውቅላት ሰው እንዳይኖር ቀን ከሌት ትደክም ነበር። በአሜሪካ፣ በብራንዲዋይን ወንዝ ዳር፣ ራሳቸውን ወዳጆች ብለው በሚጠሩት ምእመናን መካከል፣ እንደሷ ግራጫ የሚለብስ አልነበረም። ግራጫውን ግን ከለንደን ነበር የምታስመጣው።

የቋመጠችው ለአንድ ነገር ነው፤ የሴቶቹ ጉባኤ ተቆጣጣሪ ሆና፣ ሰው ቤት እየገባች "ይሄ ጌጥ ምንድን ነው?" ለማለት።

ስለዚህ ባለ በር የቅመም ሣጥን ስታሠራ አናጢውን ጄሁን፣ "ከውጭ ምንም እንዳታደርግበት። ሐረግና ፍሬ የሚሉትን የእንጨት ጌጥ ከበሩ ጀርባ አድርግልኝ" አለችው።

"ከጀርባ ማን ያይልሻል?" አላት። እነሱ ዘንድ አንቱታ ከንቱ ውዳሴ ነው፤ ዳኛውም አንተ፣ ባለጸጋዋም አንቺ ናት።

"እግዚአብሔር ያየዋል።"

"እሱማ ከውጭም ያያል።"

"አንተ ሰውዬ፣ ሥራህን ሥራ! ፍሬውንም አትሰስትብኝ።"

ጄሁ ጥቁሩን የዋልነት እንጨት በቀጭኑ ፈልፍሎ ነጭ እንጨት እንደ ክር ሰካበት፤ ከየጫፉ ከቀይ ጥድ የተሠራ ፍሬ አንጠለጠለ። እሰይ! ፊቢን በቀን አምስት ጊዜ ቁንዶ በርበሬ ያምራት ጀመር።

የአዲስ ተቆጣጣሪ ምርጫ ሳምንት ሲቀረው አሮጊቷ ተቆጣጣሪ ታማር ቤቷን ልታይ መጣች። ደረቁን ወንበር አየች፤ መጋረጃ የሌለውን መስኮት አየች። "ቤት ማለት እንዲህ ነው እንጂ!" ብላ ሳትጨርስ ጉንጯን ያዘች።

"ውይ ጥርሴን! ወዳጄ ፊቢ፣ እስቲ ቅርንፉድ ስጪኝ።"

"አልቋል።"

"ሽታው እኮ እዚህ ድረስ ይመጣል!"

ፊቢ የሣጥኑን በር ገርበብ አድርጋ እጇን ሰደደች። ታማር፣ "በገዛ ቤትሽ ምን እንደ ሌባ ያደርግሻል?" አለችና ወለል አደረገችው።

ጸጥ አለ። እነዚህ ሰዎች ጸሎታቸው ዝምታ ነው፤ ይሄኛው ዝምታ ግን የጸሎት አልነበረም። ታማር ፍሬዎቹን በጣቷ አንድ በአንድ ቆጠረች።

"ዐሥራ አራት!" አለች ጥርሷን ረስታ። "ያ ቀጣፊ ጄሁ ለኔ ሣጥን ጊዜ ከዘጠኝ ፍሬ በላይ አይገባበትም ብሎኝ!"

በጉባኤው ቀን ታማር ተነሣች፤ ዓይኗን ሰበር አድርጋ፣ "ወዳጃችን ፊቢ ልቧ ገና ከጌጥ አልጸዳም" አለች።

ፊቢ አፏን ከፈተች። የታማርን ዘጠኝ ብታወጣ የራሷን ዐሥራ አራት ማን ይሸፍንላት? መልሳ ዘጋችው። ጉባኤተኛው በሙሉ፣ "አቤት ትሕትና!" አለላት።