በስልክ «ደህና» የተባሉት ታማሚ

ሐሙስ ጠዋት ከቢቸና የተነሣሁት ደስ የሚል ታሪክ ይዤ ልመለስ ነበር። የምሠራበት ፕሮጀክት እግራቸው ላበጠ፣ በተለምዶ ዝሆኔ የሚባለው በሽታ ላለባቸው ሕሙማን በየሳምንቱ ይደውላል። የሚደውለው ኮምፒውተር ነው። የተቀዳ ድምፅ «ሕመም ከሌለዎት አንድን፣ ካለዎት ሁለትን ይጫኑ» ይላል፤ መልሱ ቢሯችን ድረስ ይመጣል። ድምፁ የእኔ ነው፤ ጥያቄዎቹንም ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ሞጣ አጠገብ የሚኖሩት ወይዘሮ ያልጋነሽ ለወራት «ሕመም የለም» ብለዋል። ለሪፖርት ፎቶ ላነሣቸው ነው።

ሚኒባሱ ደብረ ወርቅ ላይ ሰው ሲያወርድና ሲጭን ቆየ። ቁርስ ስላልበላሁ የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ ገዛሁ። ከዚያ ወዲያ መንገዱን ይዞ ጤፉ ቢጫ መሆን ጀምሯል። ሞጣ የገባነው ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ከከተማው በባጃጅ ወጣሁና መንገዱ ሲጠብ ባጃጁ እንዲጠብቀኝ ነግሬ በእግሬ ቀጠልሁ።

ባለቤታቸው አቶ ሙላት በር ላይ ተቀበሉኝ።

«ወይዘሮ ያልጋነሽ አሉ?»

«የት ትሄዳለች፤ ከተኛች ሰነበተች።»

ገና ስገባ የቁስል ሽታ ተቀበለኝ። ግራ እግራቸው ከጉልበት በታች ተሰነጣጥቆ ውኃ ይወርደዋል። እጃቸውን ስይዝ ያቃጥላል።

«በስልክ ግን ሕመም የለም ብላችኋል» አልሁ።

አቶ ሙላት አተኩረው አዩኝ። «ድምፅሽን ሳውቀው! ጠያቂዋ አንቺ ነሽ ለካ። ስልኩ የእኔ ነው፤ ሁልጊዜ ገበያ ላይ እያለሁ ነው የሚጠራው። አንዴ ሁለትን ብጫን ጥያቄው ማለቂያ አጣ። አንድን ስጫን ግን አመስግኖ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ አንድን ነው የምጫን።»

እውነታቸውን ነው። ሁለትን ለሚጫን ስምንት ተጨማሪ ጥያቄ ያስቀመጥሁት እኔ ነኝ።

ወይዘሮ ያልጋነሽ ቀና አሉ። «ስለ እኔ ነበር የሚደወለው?»

ባላቸው አንገታቸውን ደፉ።

«እኔኮ ጠያቂ ያጣሁ መስሎኝ ነበር» አሉ፣ ቀስ ብለው።

ጎረቤቶች በቃሬዛ እስከ ባጃጁ አደረሱልን። ሞጣ ሆስፒታል ወዲያው አስተኟቸው። ነርሷ የቁስሉ መርዝ ወደ ደም እየገባ እንደነበር ነገረችን። አቶ ሙላት ከአልጋው ራስጌ አልተነሡም። ፎቶ አላነሣሁም።

በማግስቱ ቢቸና ስገባ መጀመሪያ ያደረግሁት «ደህና» የተባሉትን ሕሙማን ስም ዝርዝር ማውጣት ነው። ማን እንደሚመልስልኝ ሳላውቅ መልሱን አምኜ ኖሬአለሁ። የመጀመሪያውን ቁጥር በራሴ ስልክ ደወልሁ። አንድ ሰውዬ አነሡ።

«ደህና ናት» አሉ፣ ድምፄን እንደ ሰሙ፣ ገና ሳልጠይቅ።

«እባክዎ ለራሳቸው ይስጡልኝ።»

ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ተሰማኝ። ከዚያ አንዲት ሴት፣ ስልክ ይዞ እንደማያውቅ ሰው ጮክ ብለው፣ «እኔን ነው?» አሉኝ።