በሃምሳ የበላነው ሽሮ

ፋሲካን በሕይወቴ አንድ ጊዜ ጠልቼዋለሁ። ያውም እኔ! ሆዴን ከመውደዴ የተነሣ እናቴ «አንቺን የሚያገባ ሰው ጎተራ ይኑረው» እያለች የምትተርበኝ ልጅ።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ ሰሜኑን ድርቅ በመታው ዓመት፣ እዚሁ ጉለሌ ነው። አምስተኛ ክፍል ነበርኩ። ትምህርት ቤታችን ከባሕር ዛፉ ሥር ተዳፋት ላይ የተሠራ ስለሆነ ኳስ ካመለጠች የሚመልሳት የታችኛው ሰፈር ሰው ነበር። ቤታቸው ቅርብ የሆነ ልጆች ለምሳ ይሮጣሉ። እኛ ሩቆቹ ምሳ ዕቃችንን ይዘን ከመማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ እንቀራለን።

እኛ የምለው ሦስታችንን ነው። አንዷ ከሽሮ ሜዳ የምትመጣ የሸማኔ ልጅ ናት፤ ቁመቷ አጭር፣ ምላሷ ረጅም፣ ማንም ሳይሾማት አለቃችን የሆነች። ሌላዋ አባቷ አዲሱ ገበያ ሱቅ ያለው፣ ቤተሰቧ ከወሎ የመጣ ሙስሊም ናት። ዝምተኛ ብትሆንም ሳቅ ከያዛት መምህሩ ሳይቀር አብሯት ይስቅ ነበር። ሦስተኛዋ እኔ ነኝ፤ አባቴ የፋብሪካ ሠራተኛ፣ እናቴ የሰፈሩን ወሬ ሁሉ ቀድማ የምትሰማ።

የሸማኔው ልጅ ከቤቷ ያመጣቻት ጠርዟ የተጣመመ ትሪ ነበረችን። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ሦስታችንም ምሳ ዕቃችንን እሷ ላይ እንገለብጣለን። የእኔ ሽሮ ፍርፍር፣ የሸማኔው ልጅ ድንች፣ የባለሱቁ ልጅ ምስር አንድ ላይ ይደባለቅና የማን የቱ እንደሆነ አይታወቅም። ማን ብዙ አመጣ፣ ማን ትንሽ አመጣ ብሎ ነገር አልነበረም። መጠየቁም ነውር ነው።

ይህ እንግዲህ በጾም ወራት ነው። ጾም ሲፈታ ትሪዋም ሥራ ትፈታለች። የክርስቲያኑን ሥጋ ሙስሊም አይበላም፣ የሙስሊሙንም ክርስቲያን አይበላም። ይህን ማንም አስቀምጦ አላስተማረንም፤ ስማችንን ስናውቅ አብረን ያወቅነው ነገር ነው። ስለዚህ ከፋሲካ በኋላ እኔና የሸማኔው ልጅ የእኛን፣ የባለሱቁ ልጅም የራሷን፣ ጎን ለጎን ተቀምጠን እየተጫወትን እንበላለን። ቅሬታ የሚባል አልነበረም። እንዲያውም የማን እናት ቋንጣ ይበልጣል እያልን፣ ሳንቀማመስ፣ በማሽተት ብቻ እንከራከር ነበር።

በዚያ ዓመት ግን ሁዳዴ ሲጋመስ የባለሱቁ ልጅ ምሳ ማነስ ጀመረ። በመጀመሪያ ወጡ ቀነሰ። ቀጥሎ እንጀራው ቀርቶ ቁራሽ ዳቦ ሆነ። አንድ ቀን ደግሞ ጀርባዋን ሰጥታን ምሳ ዕቃዋን ትሪው ላይ ገለበጠችና ቶሎ ብላ ምግቡን በእጇ አደባለቀችው። ከምሳ ዕቃው የወደቀ ምንም ነገር አልነበረም። የሸማኔው ልጅ አየችኝ፤ እኔም አየኋት። ወዲያው አለቃችን «ብሉ እንጂ፣ ሊደወል ነው!» ብላ ጮኸችብን፤ በላን።

ምክንያቱን ያወቅሁት እናቴ ክብሪት እንድገዛ ሱቃቸው የላከችኝ ዕለት ነው። ስኳሩም ሳሙናውም በቀበሌ በሚታደልበት በዚያን ጊዜ የግል ሱቅ መደርደሪያ ድሮውንም የሳሳ ነበር። ከመጋረጃው ጀርባ ያለችው ክፍል ግን በሰው ተሞልታለች። አንዲት አሮጊት፣ ፀጉራቸውን የተላጩ ልጆች፣ ግድግዳውን ተደግፎ ዓይኑን የጨፈነ ሰውዬ። ጓደኛዬ ከውስጥ ወጣችና መጋረጃውን ጠበቅ አድርጋ ዘጋችው።

«ዘመዶቻችን ናቸው። ለጥየቃ መጥተው ነው» አለችኝ፣ ሳልጠይቃት።

በዚያው ሰሞን በድርቅ ለተጎዱ ወገኖቻችን ሁላችንም አንድ አንድ ጣሳ እህል እንድናመጣ ትምህርት ቤት ታዝዘን ነበር። እሷም ባቄላ ይዛ መጣች። ድርቁ እነሱ ቤት ፍራሽ ላይ ተኝቶ ሳለ ከእኛ ጋር ተሰልፋ ባቄላዋን ጆንያው ውስጥ ጨመረች። ያን ቀን አንጀቴን በላችው። የምሳዋን ድርሻ ለማን እንደምትተው ገብቶኛል።

ለእናቴ ብነግራት ኖሮ ነገሩ በአንድ ጊዜ ያልቅ ነበር፤ ያስፈራኝም እሱ ነው። እናቴ ልቧ ሩኅሩኅ ነው፣ አፏ ግን ክዳን የለውም። አንድ ቁና ሽሮ በራሷ ላይ ተሸክማ፣ በመንገድ ያገኘችውን ሁሉ «እነዚያን ምስኪኖች ልጠይቅ ነው» እያለች እስከ ሱቁ ደጃፍ ትሄዳለች። የባለሱቁ ገመና በአንድ ቀን አደባባይ ይወጣል። ጓደኛዬ መጋረጃውን እንዴት እንደዘጋችው አይቻለሁ። ከዚያ በኋላ ፊታችን ቆማ ትሪው ላይ እጇን እንደማትዘረጋ እርግጠኛ ነበርኩ። ስለዚህ ለእናቴ አልነገርኳትም፤ ፋሲካ ግን እየቀረበ መጣ። ትሪዋ ስትነሣ ይቺ ልጅ ምን ልትበላ ነው?

ፋሲካ አይቀርምና መጣ። ትምህርት ሲከፈት እናቴ ዶሮ ወጥ ከነእንቁላሉ ቋጠረችልኝ። ምሳ ሰዓት ላይ የሸማኔው ልጅ ያቺን ትሪ አምጥታ ዘረጋቻት።

«ፋሲካ እኮ ነው» አልኳት በጆሮዋ።

«ምን አገባሽ!» አለችኝና ምሳ ዕቃዋን ገለበጠች። ድንች። ያው የሁዳዴው ድንች። «እናቴ የጾሙ ወጥ ሳያልቅ ሥጋ የለም አለች» ብላ፣ ዓይኗን ሳታሽ፣ በጠራራ ፀሐይ ዋሸች።

እኔ ምሳ ዕቃዬን በጉልበቶቼ መሃል አጣብቄ ተቀመጥኩ። «ትናንት የበላሁት ሥጋ ሆዴን ነፍቶኛል፤ ከድንቹ ትንሽ ልቅመስ» አልኩ። ድንቹ ቀዝቅዞ ነበር። የባለሱቁ ልጅም በላች፤ እኔም በላሁ። ዶሮዬን ማታ ይዤው ወደ ቤት ተመለስኩ። መንገዱን ሙሉ ሽታው ሲከተለኝ ፋሲካን ጠላሁት።

«ከነገ ጀምሮ ሽሮ ቋጥሪልኝ» አልኳት እናቴን።

«ምን አልሽ?»

«ሽሮ።»

«በሃምሳ? ረቡዕና ዓርብ እንኳ በማይጾምበት? መነኮስሽ እንዴ?»

ግንባሬን ዳሰሰች። ስለት ተስዬ እንደሆነ ጠየቀችኝ። በመጨረሻም መስኮቱን ዞር ብላ አየችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እነዚያ ካድሬዎች ናቸው? ሃይማኖት የለም አሏችሁ?» አለችኝ። ካድሬ ሽሮ ብሉ እንደማይል ላስረዳት ብሞክርም አልሰማችኝም። በማግስቱ ሥጋ፣ ከዚያም ሲደርቅላት ቋንጣ ፍርፍር ቋጠረችልኝ። እኔም ሳልነካው ይዤ እመለሳለሁ፤ እሷም ምሳ ዕቃውን ትከፍትና ታማትባለች። በመጨረሻ የነፍስ አባታችንን አስጠራች።

አባ ቀጭን ሽማግሌ ናቸው። መስቀል ተሳለምኩ። የቀረበላቸውን በልተው፣ እጃቸውን ታጥበው ሲያበቁ አጠገባቸው አስቀመጡኝ። እናቴ እጇን አጣምራ በር ላይ ቆማለች።

«ልጄ፣ በሃምሳ መጾም እንደማይገባ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ አባ።»

«ታዲያ ምነው?»

«እየጾምኩ አይደለም አባ። ጠግቤ ነው የምበላው።»

«ብቻሽን ነው የምትበዪው?»

«ከጓደኞቼ ጋር።»

«የማን የማን ልጆች ናቸው?»

የሸማኔውን ልጅ ተናገርኩ። ሁለተኛዋ ላይ ስደርስ እናቴን ሰረቅ አድርጌ አየኋት። አባ አልተቆጡም፤ ጠበቁኝ። መዋሸት ደግሞ መስቀሉ ፊት አይቻልም። «አዲሱ ገበያ ያለው ባለሱቅ ልጅ» አልኩና አንገቴን ደፋሁ። ከዚያ በላይ አንድም ቃል አልጨመርኩም፤ ግን ጆሮዬ ድረስ ነደድኩ። ባለሱቁ የየት አገር ሰው እንደሆነ፣ ያ አገር በዚያ ዓመት ምን እንደደረሰበት በሰፈሩ የማያውቅ አልነበረም። አባ ቀና ብለው እናቴን አዩዋት። እናቴም አየቻቸው። ያን ጊዜ ያጣመረችው እጇ ቀስ ብሎ ወረደ።

«ሽሮ የበላ ሁሉ ጾመ ማለት አይደለም» አሏት አባ። «ቅቤ ጨምሪበት። ቅቤ የገባበት ሽሮ በየትኛውም ሥርዓት ጾም አይባልም። ማንም ደግሞ፣ ሃይማኖቴ ነው ብሎ፣ ቅቤ አይመልስም።»

«እሺ አባቴ።»

«ጠቀም አድርገሽ ጨምሪበት።»

በማግስቱ ይህን ስነግራት የሸማኔው ልጅ ግንባሯን መታች። «ይሄን ማሰብ ያቃተው ጭንቅላት ነው ክፍልፋይ የሚማረው!» አለች። ስለ እናቴ ያሰብኩትም ሁሉ ስሕተት ሆኖ ተገኘ። ያን ዕለት ጠዋት የሰጠችኝ የእኔን ምሳ ዕቃ ሳይሆን አባቴ ፋብሪካ ይዞት የሚሄደውን ትልቁን ነው። «አባባስ?» ብላት፣ «ለአባትሽ ሌላ ይገኛል። ሂጂ፣ እንዳይቀዘቅዝብሽ» አለችኝ። ሰፈር ውስጥ ከእሷ አፍ የወጣ አንድም ነገር አልሰማሁም። አፏን በእኔ ግምት ለክቼ ነበር ለካ። እንደዚያ ሰሞን እናቴን ወድጃት አላውቅም።

ሽሮው በቅቤ ያብረቀርቅ ነበር። የባለሱቁ ልጅ ግን ጉርሻዋን እያሳነሰች፣ ዓይኗን ከትሪው ሳታነሣ ትበላና ሁልጊዜ ቀድማን «ጠገብኩ» ትላለች። «በሞቴ፣ ይቺን ብቻ» እያልን እናጎርሳታለን፤ ትቀበለናለች። ሳቋ ግን ጠፋ። ይህ ደግሞ እኔን አናደደኝ። አንድ ቀን እሷ እጇን ልትታጠብ ስትሄድ፣ «ቋንጣዬን ትቼላት አትስቅም እንኳ!» አልኩ።

«አንቺን በየቀኑ በግድ እያጎረስን ሳቂ ብንልሽ ትስቂያለሽ?» አለችኝ የሸማኔው ልጅ።

እንዲህ እንዲህ ስንል ግንቦት ተጋመሰና ረመዳን ገባ። የባለሱቁ ልጅ ነጭ ሻሽ አስራ መጣች። ምሳ ሰዓት ላይ ምሳ ዕቃ ሳትይዝ፣ እጇን እያወዛወዘች አጠገባችን ተቀመጠች። ወገቧ ቀጥ ብሏል። «ዛሬ ጾመኛ ነኝ» አለችን። በዚያ ወር ሙስሊም ልጅ ምሳሽ የት አለ ተብሎ አይጠየቅም፤ እሷም እንደ ጓደኞቿ ሁሉ ጾመኛ ናት። እንደዚያ ሆና ካየኋት ብዙ ጊዜ ሆኖኝ ነበር።

እኔ በለመደ እጄ ሽሮዬን ገለበጥኩ። ትሪውን አየች፤ እኛን አየች።

«አሁንም ሽሮ?»

«ምን አለበት» አልኩ።

«ወላሂ፣ እናንተ ስትዋሹ አያምርባችሁም!» አለች። «ከፋሲካ ጀምሮ ሥጋ እንዳልቀመሳችሁ የማላውቅ መስሏችሁ ነው? ያን ቀን በጉልበትሽ የደበቅሽው ዶሮ ባንዲራው ሥር ድረስ ይሸት ነበር።»

ሁለታችንም እንደ ሌባ ተያየን።

«የሰኔ ጾማችሁ ሊገባ ነው፤ አባቴ ለእናንተ የሚሸጠውን ምስር ማስመጣት ጀምሯል» ብላ ቀጠለች። «ጊዜ የላችሁም። ነገ ሥጋችሁን አምጡና ፊቴ ብሉ።»

«አንቺስ?» አልኳት።

«ጾመኛ ነኝ አላልኩም? ማታ ሁላችንም አንድ ላይ እናፈጥራለን። ከድርቁ ሸሽተው የመጡ ዘመዶቻችን አሉ፣ አይተሻቸው የለ?» አለች። «ሕፃናቱ ሳይደርስባቸው እንጹም ብለው አስቸገሩን። ያቺ ያየሻት አሮጊት አያቴ ናት፤ እሷ ናት እያሳቀች የምታስተዋቸው።»

መጋረጃው ሲከፈት ያን ጊዜ ሰማሁ ማለት እችላለሁ። አፍሬ ነበር፤ ደስታዬ ግን ከሐፍረቴ በለጠ።

በማግስቱ ትሪው ላይ ቋንጣ ፍርፍር ገለበጥን። ስመኘው የከረምኩት ቋንጣ ነው። አንድ ጎረስኩና እጄን ሰበሰብኩ። እንባዬ መጣ።

«ብይ እንጂ!» አለችኝ የባለሱቁ ልጅ፣ ሻሿን እያስተካከለች። «ለእኔ ብለሽ የተውሽውን ለእኔ ብለሽ ብይ።»

እያለቀስኩ በላሁ። የሸማኔው ልጅ ማልቀሴን አይታ ትልቁን ቋንጣ ልትነጥቀኝ እጇን ስትልክ፣ ጾመኛዋ መዳፏን መታ አደረገቻትና ያን መምህሩን የሚያስቅ ሳቋን ለቀቀችው።